ጋሽ ካሴትን ጠይቁ፦ «ሬጌ ነው ወይስ ዲስኮ?» እና ሌሎች የ90ዎቹ ጥያቄዎች

ሰላም ሰላም። የዚህ ወር ጥያቄ ካሰብኩት በላይ ነው የመጣው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባለፈው እትም «እስቲ ስለምትወዱት እንግዳ እንግዳ የፈረንጅ ዘፈን ጻፉልኝ» ብዬ አፌን ከፍቻለሁ። ለማያውቁኝ፣ ኮተቤ ካሴት ቤት ነበረችኝ፣ በኛ ከ1986 ጀምሮ ስሸጥ ስቀዳ ኖሬ ሰዉ ሁሉ ሚሞሪ ማስጫን ሲጀምር ዘጋሁ፣ አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ካርቶን ካሴትና ሲፈልግ ብቻ ከሚሠራ ቴፕ ጋር እኖራለሁ። እዚህ ዓምድ ላይ ዓመት ዝም ብዬ ከጻፍኩ እንደ ፈረንጅ ቁጠሩት፣ የኛ ሲሆን «በኛ» እላለሁ። ለምን እንደሆነ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

ጋሼ፣ እኔና የባለቤቴ ወንድም ልንጣላ ነው። እሁድ እኛ ቤት ቡና ላይ ስልኬን ከፍቼ የኤስ ኦፍ ቤዝን «ኦል ዛት ሺ ዋንትስ» አስገባሁ፣ «ይሄ ሬጌ ነው» አልኩ። እሱ «ዲስኮ ነው፣ ሬጌ የጃማይካ ነው፣ እነዚህ ስዊድኖች ናቸው» አለ። ባለቤቴ «ፖፕ ነው ዝም በሉ» አለች። በአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተወራርደናል፣ እርስዎ ይፍረዱ። — ተወራራጁ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ወንድሜ ሥጋው ከመቆረጡ በፊት ትንሽ ታገሰኝ፣ ይሄ ጥያቄ እኔ ሱቅ ውስጥ ስንቱን አጣልቷል። መደርደሪያዬን በወረቀትና በፕላስተር ከፋፍዬው ነበር፦ ሐበሻ፣ ፈረንጅ፣ ሱዳን፣ ዐረብ፣ ሬጌ፣ ስሎው፣ ክላሲካል። ሰባት፣ በቃ። ዓለም ላይ ያለ ሙዚቃ በሙሉ እነዚያ ሰባቱ ውስጥ መግባት ነበረበት። ዶክተር አልባን ሲመጣ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ናይጄሪያ ተወልዶ ስዊድን ጥርስ ሕክምና የተማረ ሰውዬ ነው፣ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፣ ከኋላው የጭፈራ ቤት ምት ይደልቃል፣ ጸጉሩ ግን ድሬድ ነው፣ እና በቃ ሬጌ ውስጥ ወተፍኩት። በጸጉሩ ፈረጅኩት ማለት ነው። የሚገርመው ማንም አልተቃወመኝም፣ ጭራሽ «ሬጌ ስጠኝ» ብሎ የመጣ ሁሉ «ኢትስ ማይ ላይፍ»ን ይዞልኝ ሄደ።

አሁን ጉዱን ስማ። ያንን የዶክተር አልባን ዘፈን ፕሮዲውስ ያደረገውና የናንተን «ኦል ዛት ሺ ዋንትስ» ያሠራው ሰው አንድ ነው፣ ዴኒዝ ፖፕ ይባላል፣ የስቶክሆልም ዲጄ። ሁለቱም የ1992 ዘፈኖች ናቸው። የኤስ ኦፍ ቤዝን ታሪክ ደግሞ ካሴት ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይወደዋል፦ ልጆቹ (ሦስቱ እህትና ወንድም ናቸው፣ አራተኛው ጓደኛቸው) ከጎተንበርግ ዴሞ ካሴት ይልኩለታል፣ ሰውየው መኪናው ቴፕ ውስጥ ይከተዋል፣ ካሴቱ ተቀርቅሮ አልወጣም ይላል፣ ሥራ ሲሄድ ያው ዘፈን ሲመለስ ያው ዘፈን፣ መጀመሪያ እዚህ ግባ ያላለው ነገር ቀስ እያለ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባና ደውሎ ጠራቸው ይባላል። እኔ ቤት ቴፕ ካሴት ሲበላ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ከማውጣት በቀር የተረፈኝ ነገር የለም።

ወደ ፍርዱ። ሬጌን ሬጌ የሚያሰኘው ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህንን አሁኑኑ ቤትህ ሞክረው፣ ዘፈኑን ክፈትና በእግርህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልክ ወለሉን ምታ፣ ከዛ ኪቦርዱ «ችክ» የሚለው መቼ እንደሆነ አድምጥ። እግርህ መሬት ሲነካ ነው ወይስ አየር ላይ እያለ? አየር ላይ ከሆነ ያ ነገር ከሬጌ ነው የመጣው። (የታች ጎረቤት ካለህ ቀስ ብለህ ምታ፣ እኔ ይህንን ስጽፍ ስሞክር በር ተንኳኩቶብኛል።) የለየለት ሬጌ ደግሞ ትልቁ ከበሮ አንደኛው ምት ላይ ዝም ብሎ ሦስተኛው ላይ ነው የሚወድቀው፣ ለዛ ነው ሰው ሬጌ ሲሰማ ወደ ኋላ ጋደም የሚለው። አማችህ ዲስኮ የሚለው፣ ስሙ ዩሮዳንስ የሆነው፣ ከበሮው አራቱም ምት ላይ ሳያሰልስ ዱም ዱም ዱም ዱም ነው፣ በደቂቃ 120 እና ከዛ በላይ እየሮጠ፣ ያን ጊዜ የነበሩትን እነ ሃዳዌይን እነ ስናፕን አስታውስ። የናንተ ዘፈን 90 ምናምን ላይ ነው የሚሄደው፣ ለጭፈራ ቤት እሱ እርምጃ ነው እንጂ ሩጫ አይደለም። ድምፁ ግን፣ ያ ፉጨቱ፣ ያ የብርጭቆ የመሰለ ሲንተሳይዘሩ፣ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ተወልዶ አያውቅም።

ስለዚህ ወገቡ ሬጌ ነው፣ ልብሱ ዲስኮ።

የባለቤትህ «ፖፕ» ትክክል ነው ግን አይጠቅምም፣ ምሳ ምን በላህ ሲሉህ «ምግብ» እንደማለት ነው። ሥጋውን የሚገዛው ግን አማችህ ነው፣ እሱም ዲስኮ ስላለ ሳይሆን «ስዊድኖች ስለሆኑ» ስላለ ነው። እንደሱ ከሆነማ ስኖው የሚባል ነጭ የካናዳ ልጅ በ1993 «ኢንፎርመር» በሚል ዘፈን አሜሪካ ላይ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሰንብቷል፣ ያውም የጃማይካን አነጋገር እየተናገረ፣ እሱን ምን ልንለው ነው፣ የካናዳ ባህላዊ? ፓስፖርት አይቶ ዘፈን መፈረጅ ጸጉር አይቶ እንደመፈረጅ ነው፣ እኔ አድርጌዋለሁ ብዬህ የለ።

ጋሽ ካሴት፣ አባቴ «የ90ዎቹ ዘፈን የ90ዎቹ ዘፈን» እያለ ማካሬና ምናምን እየከፈተ ያቃጥለናል። እኔ የተወለድኩት በ94 ነው፣ የ90ዎቹ ልጅ እኔ አይደለሁም እንዴ?? ማካሬና መቼ ነበር ታዲያ? — የ94ቱ፣ ከለገጣፎ

ልጄ፣ ይሄ ዘንድሮ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ አሪፉ ነው፣ እኛ አገር የመጀመሪያው የተሳሳተ ስያሜ ሬጌም ዲስኮም ሳይሆን «90ዎቹ» የሚለው ራሱ ነውና።

በኛ 1990 የገባው በፈረንጅ መስከረም 1997 ላይ ነው። የኛ 90ዎቹ ያለቁት ደግሞ በ2007፣ ሚሊኒየሙን ያከበርን ዕለት። ማካሬና አሜሪካ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ የሆነው በ1996 ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው (የፈረንጁን ወር ነው የምልህ)፣ ስለዚህ በኛ 88 አልቆ 89 ሲገባ እንቁጣጣሽን መሃል አድርጎ ነው የተጨፈረው። ያ «ባርቢ ገርል» የምትለው ዘፈን የ1997 ናት፣ በኛ 89። ዶክተር አልባን በኛ 84። አየህ፣ አባትህ 90ዎቹ እያለ የሚያስጨፍርህ የኛን 80ዎቹን ነው፣ አንተ ደግሞ «የ90ዎቹ ልጅ ነኝ» ስትል ለፈረንጅ የ2000ዎቹ ልጅ ነህ። ሁለቱ 90ዎቹ የሚገናኙት ከሁለት ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ነው።

በዛች ቀጭን ቦታ ላይ የገባ ዘፈን ግን አለ፣ የሉ ቤጋ «ማምቦ ናምበር ፋይቭ»። 1999 ነው፣ በኛ 91፣ አንተም አባትህም «የኔ ነው» ልትሉት ትችላላችሁ። ሰውየው ሙኒክ የተወለደ ነው፣ አባቱ ኡጋንዳዊ እናቱ ጣሊያናዊት፣ ዜማው ደግሞ ፔሬዝ ፕራዶ የሚባለው ኩባዊ በ1949 የቀዳው ነው። ያን ጊዜ ሱቄ ክፍት ነበር፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደዋለ ልንገርህ? ካሽ መሳቢያው አጠገብ። ሁሌ ስለሚጠየቅ ቦታ አልነበረውም።

አንተ የራስህን 90ዎቹ ከፈለግክ የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» በኛ የ93 ነው፣ አባትህ ማካሬና ሲል አንተ እሱን ክፈትበት።

ባለፈው ወር «ዘ ሪዝም ኦፍ ዘ ናይትን የዘፈነችው ቪዲዮው ላይ የምትታየዋ ብራዚላዊት ናት» ብለው ጽፈዋል። አይደለችም። የካሴት ሰው ነኝ ብለው እንዲህ ያለ ስሕተት! — የሰሚቷ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ተሸንፌያለሁ። ኮሮና በሚለው ስም (ከበሽታው ብዙ በፊት ነው) ቪዲዮ ላይ የምትደንሰው ኦልጋ ደ ሱዛ ናት፣ ድምፁ ግን የጄኒ ቢ ነው፣ የጣሊያኗ ዘፋኝ፣ ያው ከዓመታት በኋላ በ2000 በራሷ ፊትና በራሷ ስም ሳንሬሞ በሚባለው የጣሊያን የዘፈን ውድድር ላይ በአዲሶቹ ዘፋኞች ዘርፍ ያሸነፈችው። ያን ጊዜ የጭፈራ ዘፈን የሚሠሩት ሰዎች አንዷ ትዘፍናለች ሌላዋ ትታያለች፣ ልማዳቸው ነበር። እኔ ግን ሰበብ የለኝም፣ ካሴት ላይ ፊት አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ስሸጥ የኖርኩ ሰውዬ በቪዲዮ መታለሌ ነው የሚያሳፍረው።

ጋሼ እንደምን አሉ። የእህቴ ልጅ ሙዚቃ ይማራል። ቤት መጥቶ «እትዬ ምን ልክፈትልሽ» ሲለኝ «እስቲ ክላሲካል አድርግልኝ፣ ቡና ሲፈላ ደስ ይላል» አልኩት። ሞዛርት ከፈተልኝ! «ኧረ ክላሲካል!» ብለው «ይሄው ክላሲካል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ የፈለግኩት የጥላሁንን ዜማ ያለ ድምፅ፣ በኪቦርድ የሚጫወቱትን ነው። ተሳስቻለሁ እንዴ? — እናት፣ ከቡራዩ

እትዬ ምንም አልተሳሳቱም፣ ያ ልጅ ግን ቡና ሳይጠጣ ይሂድ።

እዚህ አገር ክላሲካል ማለት ሰው የማይዘፍንበት ሙዚቃ ማለት ነው፣ ለኛ ቃሉ ይሄን ነው የሚሠራው፣ ማንም ሕዝብ ቃል ተውሶ ለሚቸግረው ነገር ያውለዋል። ፈረንጅ ክላሲካል ሲል ቤትሆቨንን ሞዛርትን ነው፣ እኛ ለእነሱ ቃል የሚያስፈልገን በዓመት ስንቴ ነው? ለቡና፣ ለሆቴል ምሳ፣ ለሬዲዮ ማስታወቂያ ጀርባ ግን ቃል ያስፈልገን ነበር። ክላሲካል መደርደሪያዬ ላይ ሳክስፎን ነበር፣ አኮርዲዮን ነበር፣ ክራርና ማሲንቆ ነበር፣ ሞዛርት ግን አንድም ቀን አልተጠየቅኩም።

ለልጁ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ኃይሉ መርጊያ የሚባል ኪቦርዲስት አለ፣ ዋልያስ ባንድ ውስጥ ሆኖ አዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት የኖረ። አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፣ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አድርጎ፣ «ሸሞንሟናዬ» የሚለው ነው። ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ ያስጻፈው «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነው፣ ልክ እርስዎ ቡና ላይ እንዳሉት ክላሲካል። ከዛ ሰውየው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመውና ዓለም ጉድ አለ፣ ጸሐፊዎቹም መለያ ፍለጋ ተሯሯጡ፣ አንዱ ኢትዮ ጃዝ አለው፣ አንዱ ኤሌክትሮኒክ፣ አንዱ ሌላ። ሰውየው ግን ከመጀመሪያው ሽፋኑ ላይ ጽፎላቸው ነበር እኮ!

እንደውም የኛ መለያዎች ሁሉ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ያስቃሉ። ትዝታ ስንል ቅኝት ነው፣ ከባቲ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠር፣ ደግሞ ዘፈን ነው፣ ደግሞ ሰውን ከማታ ጀምሮ የሚይዘው ነገር ነው፣ ሦስቱንም በአንድ ቃል እንላለን ማንም አይደናገርም። ሠርግ ላይ «ጉራጊኛ አስገባ!» ሲባል ዲጄው ግጥሙ አማርኛ የሆነ ዘፈን ያስገባል፣ ሰዉም በደስታ ይሞታል፣ ጉራጊኛው ምቱ ነዋ። የቋንቋ ስም የምት ስም ሆነ። ልጁ ይህንን ትምህርት ቤት ቢጽፈው ጥሩ ማርክ ያገኝበታል።

ያ እንደ መትረየስ አፉን የሚያንጣጣው ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ማን ነበር? «ስኪ ባ ባፕ» ምናምን የሚለው። ትምህርት ቤት እረፍት ላይ ስንለማመደው ምላሴን ነክሼ ደምቷል። ራፕ ነው እሱ? — ምላሴ፣ ከአቃቂ

ስካትማን ጆን። ጆን ላርኪን ነው ስሙ፣ የካሊፎርኒያ ጃዝ ፒያኒስት። ያ ዘፈን በ1994 ሲወጣ 52 ዓመቱ ነበር፣ እኛ አገር ሰው በዛ ዕድሜው ዕድር ሰብሳቢ ነው የሚሆነው።

ራፕ አይደለም ወንድሜ፣ ስካት ይባላል፣ ጃዝ ውስጥ የቆየ ነገር ነው፣ ዘፋኙ ትርጉም በሌለው ቃል ድምፁን እንደ ጥሩንባ ይጫወትበታል። ሰውየው ግን ለምን በዛ ፍጥነት እንደቻለው ታውቃለህ? ተብታባ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲናገር ቃል እየያዘበት ያፍር ስለነበር ነው ፒያኖ ጀርባ የተደበቀው፣ ፒያኖ አይንተባተብም። በርሊን ሄዶ ሲጫወት ሥራ የሚያገናኘው ወኪሉ «ይሄን ስካት ከጭፈራ ምት ጋር እናድርገው» አለው፣ እሱ ደግሞ «ሰው ሊስቅብኝ ነው» ብሎ ፈራ፣ ሚስቱ ናት «እንግዲያው ስለ መንተባተብህ ራሱ ዝፈንበት» ያለችው። ግጥሙን ረጋ ብለህ ብትሰማው የሚለው ይህንኑ ነው፣ እኛ ያን ጊዜ እንግሊዝኛችን አልደረሰም እንጂ። በ1999 በካንሰር ሞተ፣ ዝናው አምስት ዓመት እንኳን በቅጡ አልሞላም።

መለያውን ከጠየቅከኝ ግማሹ ጃዝ ግማሹ ዩሮዳንስ ነው፣ የጃዝ ሰዎች አይቆጥሩትም፣ የዲስኮ ሰዎች እንደ ቀልድ ነው የያዙት። እኔ ሱቅ «ፈረንጅ» ውስጥ ነበር፣ ደንበኛ ግን በስሙ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ቆሞ ነው የሚያሰማኝ። አንዴ አንድ ወታደር መደገፊያው ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ተወጣው፣ ሦስት ሰው አጨበጨበለት፣ ካሴቱን ግን ሳይገዛ ሄደ።

የስልኬ ሙዚቃ አፕ አስቴር አወቀን፣ ካሊድን («ዲዲ» ያለውን) እና አንድ ጫካ ጫካ የሚል እሹሩሩ ነገር «የዓለም ሙዚቃ» ብሎ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ምን አገናኛቸው? ማዶናስ ከየት ናት፣ ከማርስ? — ሰበታ ነኝ

ሳቅኩ። የሰበታው፣ ይሄ መለያ የት እንደተወለደ ይታወቃል፣ መጠጥ ቤት ነው። በ1987 ለንደን ውስጥ ኤምፕረስ ኦፍ ራሻ በሚባል ቤት ትንንሽ የካሴትና የሸክላ አሳታሚዎች ተሰብስበው «የኛን ዕቃ ሱቆቹ የት እንደሚያስቀምጡት አያውቁም፣ አንድ ስም እንስጠውና አንድ መደርደሪያ እንያዝ» ተባባሉ፣ «የዓለም ሙዚቃ» የሚለውን መረጡ። ባለ ሱቅ ስለነበርኩ አልፈርድባቸውም፣ እኔም «ዐረብ» ብዬ ካይሮንና አልጄሪያን አንድ ላይ ጠርቄያለሁ፣ የካሊድ ሙዚቃ ግን ራይ ነው የሚባለው፣ «አስተያየት» ማለት ነው፣ የራሱ ስም ያለው ነገር ነበር። ችግሩ መደርደሪያው ሱቁ ከተዘጋ በኋላም መቅረቱ ነው። ግራሚ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ሰዎች እንኳን ስሙን የቀየሩት በ2020 ነው፣ እሱንም «ግሎባል» ብለው፣ ያው በገሌ።

ያ እሹሩሩ ግን ሆዴን ነካኝ። የዲፕ ፎረስት «ስዊት ለላባይ» ነው አይደል የምትለው፣ የ1992። ሁለት ፈረንሳዮች በኮምፒውተር የሠሩት ነው፣ ድምፁ ግን የሰለሞን ደሴቶች ሴት ናት፣ አፉናክዋ ትባላለች፣ አንድ አጥኚ በ1970 ገደማ የቀዳት። ማስፈቀድ ላይ ብዙ ተወዛግበውበታል። እውነተኛ እሹሩሩ ነው፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች፣ ታላቅየው ታናሹን «አታልቅስ» እያለ የሚያባብልበት። እኔ ያን ጊዜ የት ነበር የምቀዳው መሰለህ? ስሎው ውስጥ። ልጆች ለፍቅረኛቸው «ምርጥ ምርጥ ስሎው ቅዳልኝ» ብለው ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ሲሰጡኝ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ላይ እከተዋለሁ፣ ስንት ኮተቤ ያለ ጎረምሳ ሴት ልጅን በወላጅ አልባ ለቅሶ እንደጠየቀ እግዜር ይወቀው።

አሁን ሱቅ ቢኖረኝ ስምንተኛ መደርደሪያ እለጥፍ ነበር፣ «ጉራማይሌ» የሚል። ድዷን ከፊሉን ተነቅሳ ከፊሉን የተወች ሴት ድድ ጉራማይሌ ነው፣ እንግሊዝኛና አማርኛ የሚቀላቅል አነጋገርም ጉራማይሌ ነው (ይሄ ዓምድ ራሱ)፣ ጂጂም በ2001ዱ አልበሟ ላይ በዚሁ ስም ዘፈን አላት፣ ያ የአሜሪካ ጃዝ ሰዎች እነ ኸርቢ ሃንኮክ እነ ፋሮ ሳንደርስ የተጫወቱበት አልበም፣ ራሱ የት እንደሚቀመጥ ግራ የሚያጋባ። ኤስ ኦፍ ቤዝም ስካትማንም ሉ ቤጋም እዚያ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መደርደሪያው ይሞላና ሌላው ሁሉ ባዶ ይቀር ይሆናል፣ አላውቅም።

ሁሌ የኛን ነው የምትመልሰው፣ አንተስ? በጣም የምትወደው እንግዳ ዘፈን ንገረን። — ስም የለኝም፣ ከካራ

ስሙን አላውቀውም፣ ለዛ ነው ተናግሬ የማላውቀው። አንድ ባለ 90 ካሴት አለኝ፣ ቲዲኬ፣ ጎን ኤ ላይ በራሴ ጽሑፍ «ልዩ ልዩ» ይላል፣ ጎን ቢ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እናቴ ቤት ሆኜ ከቴሌቪዥን ላይ የቴፑን ማይክራፎን አስጠግቼ የቀዳሁት ነው። ከኢነር ሰርክሉ «አ ላ ላ ላ ላ ሎንግ» ቀጥሎ ይመጣል። መጀመሪያ አኮርዲዮን የሚመስል ነገር ብቻውን ይሄዳል፣ ከዛ ዱም ዱሙ ይገባል፣ ከዛ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ዐረብኛም አይመስለኝም፣ ሦስት ጊዜ አንድ ቃል ትደጋግማለች «ዩማሌ» ወይም «ዱማሌ» የሚመስል፣ ልክ አዝማቹ ሊመጣ ሲል የእናቴ ድምፅ ከኋላ «ኧረ ሽሮው አረረ! ያንን ነገር ተውና ና!» ይላል። ከዛ ቋ፣ አለቀ።

የጎረቤቴ ልጅ ዘፈን የሚለየውን አፕ ስልኳ ላይ ከፍታ አስደመጠችልኝ፣ አራት ጊዜ። ኢነር ሰርክልን ወዲያው አወቀው፣ የኔን ግን አላገኘውም፣ የእናቴ ድምፅ ገብቶበት ይሆናል። «ጋሼ ድምፃቸውን በኮምፒውተር እናጥፋውና እንሞክር» አለችኝ፣ እምቢ አልኳት።

የምታውቁት ካላችሁ ጻፉልኝ። «ፈረንጅ ነው» ብቻ ብላችሁ ግን እንዳትልኩ፣ እሱን መደርደሪያው ላይ እኔም ጽፌው ነበር።